ከመድፉ ጋር የመጣው ሠዓሊ

እ.ኤ.አ. በ1841 በሻምበል ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከቦምባይ ተነሥቶ፣ በታጁራ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ይፋት ገባ። ለሸዋው ንጉሥ ለሣህለ ሥላሴ ጠመንጃና መድፍ ይዞ ነበር። ከሐኪሙና ከተፈጥሮ ተመራማሪው ጋር ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊም ነበረበት። በረሃውን ጨርሰው ወደ አንኮበር ሽቅብ ከመውጣታቸው በፊት ያለችው የንግድ ከተማ አሊዩ አምባ ናት። የሐረር ቡናና የአሳል ጨው የሚራገፍባት፣ ሐረሪው፣ አፋሩና አርጎባው የሚገበያይባት ቦታ ነበረች።

የበርናትስ ሥዕሎች በ1852 በሁለት ክፍል ታተሙ፤ አንደኛው የአፋርን ቆላ፣ ሁለተኛው የሸዋን ደጋ ያሳያል። ለእኛ ምን ናቸው? በዚህ ላይ ሁለት አስተሳሰብ አለ፤ ሁለቱም በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

አንደኛው ወገን «ቀለሙን የገዛው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እንግሊዝ የኤደንን ወደብ የያዘችው በ1839 ነው። ከዚያ በኋላ ከባሕሩ ማዶ ያለው መንገድ፣ ውሃውና ገበያው ሁሉ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በዚያው ጊዜ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም ወደ ሸዋ ይመላለስ ነበር። ሃሪስ በኅዳር 1841 የወዳጅነትና የንግድ ውል አስፈረመ፤ ሮሼ ደግሞ በ1843 የራሱን። በእንዲህ ያለ ፉክክር መካከል ገደሉንና ሸለቆውን የሚሥል ሰው ቢፈልግም ባይፈልግም ሰላይ ይሆናል፤ ክርክራቸው ይህ ነው። ምስክርም አላቸው። በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የብሪታንያ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ሆምስ አብሮ ሄዷል። የዐፄ ቴዎድሮስን አስከሬን ፊት የሣለው እሱ ነው፤ «ኩርዓተ ርእሱ» የሚባለውን የክርስቶስ ሥዕል ይዞ የሄደውም እሱ ነው። እዚያ ጥበብና ዘረፋ በአንድ እጅ ነበሩ።

ሌላው ወገን ግን በርናትስ ሆምስ አይደለም ይላል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። በርናትስ ከአገር የወሰደው ያየውን ነው እንጂ የተዘረፈ ቅርስ አይደለም። በዚያ ዘመን ሸዋን በቦታው ቆመው የሣሉ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ የእሱ ሥዕል ባይኖር የግመሉን ጉዞ፣ ልብሱንና የቤቱን አሠራር በዓይን የምናይበት መንገድ በጣም ይጠብብን ነበር። ሣህለ ሥላሴንም እንደ ተታለለ ሰው ማየት እሳቸውን ማሳነስ ነው። ጠመንጃውን ፈልገውታል፣ ተቀብለውታልም፤ እንግሊዝንና ፈረንሳይን ጎን ለጎን አስቀምጠው አስተናግደዋል። ውሉም በሥራ ላይ ብዙም አልዋለም።

ከሁለቱም ክርክር ይልቅ የሚከብደኝ ሌላ ነገር አለ። ሥዕሉ ብቻውን ምን ያህል እንደሚነግረን አናውቅም፤ በጽሑፍ የቀሩት ምስክሮች እንኳ አይስማሙም። በ1842 አሊዩ አምባ ተቀምጦ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በ1844 ያሳተመው መጽሐፍ፣ በዚያው ዓመት ከወጣው ከሃሪስ መጽሐፍ በብዙ ነገር ይለያል፤ የመልእክተኛውን ቡድን አካሄድም ይነቅፋል። ሃሪስ ግን በዚያ ዓመት የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው። አንድ ገበያ፣ ሁለት ምስክር፤ ትልቁ መድረክ የተሰጠው መንግሥት ለላከው ነው። በአሊዩ አምባ አጠገብ ባለችው በአብዱል ረሱል ይሸጡ የነበሩት ባሮች ደግሞ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት መጽሐፍም ሥዕልም አልነበራቸውም።

ስለዚህ ሥዕሎቹን መጣል አልፈልግም፤ ያለ ማብራሪያ ማድነቅም አልፈልግም። ጥሩ ቅጂያቸው አንኮበርና አሊዩ አምባ ላይ ይሰቀል፤ ከሥሩ ማን እንደ ላከው፣ በምን ዓመት፣ ከየትኛው ውል ጋር እንደ መጣ በአማርኛ፣ በአርጎብኛና በአፋርኛ ይጻፍ። የጆንስተንም ቃል በጎኑ ይቀመጥ። ይፋት ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው ስለ ሲራራው የሰሙት ካለም፣ ሳይረፍድ ተቀድቶ ከዚያው ግድግዳ አጠገብ ይሰማ።