የአባቴ ቬስፓና የብርጭቆ ወረቀት

አሮጌ ሞተር ሳይክል በግቢው የሚጠግን ሰው ሁለት ዓይነት መካሪ አያጣም። አንደኛው «እንደ አዲስ አድርጋት» ይለዋል፤ ሌላኛው «ፋብሪካ ካሠራት አንዲት ብሎን እንዳትለውጥ» እያለ ያስፈራራዋል። ሁለቱም የሚሹት አንድ ነገር ይመስለኛል፤ በመካከል ያለፈውን ዘመን እንዳልነበረ ማድረግ። እኔ ከሁለቱም አልስማማም። እዚህ አቋም ላይ የደረስኩት ግን አጥፍቼ ነው።

ከአባቴ የወረስኳት ቬስፓ 150 ሱፐር ናት። ካርቡራተሯን አጠብኩ፤ ካንዴላዋን ለወጥኩ። (ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማም ማለት ነው፤ ጋራዦቻችን ሳያውቁት ስንት ግጥም ይዘዋል!) ፑንቲናዋን ግን አውጥቼ ጣልኩት። የሁለት ትናንሽ ብረቶች ጫፍ እየተገናኘና እየተለያየ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳበት ይህ ክፍል ከጊዜ ብዛት ይበላል፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጠው ክፍተቱ ጥቂት ሲዛባ ሞተሩ አልነሣም ይላል። በምትኩ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ አስገባሁ፤ የመብራቱንም 6 ቮልት ወደ 12 ከፍ አደረግሁ።

አጎቴ ይህን ሲሰማ «አበላሸሃት» አለኝ። ለመሆኑ ቬስፓ ራሷ ከምን መጣች? ፒያጆ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ይሠራ የነበረ፣ ፋብሪካውም በቦምብ የተደበደበ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ለገበያ ያቀረባትን ቬስፓ የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ የፊት ጎማዋ በአንድ ወገን ብቻ መያዙ የአውሮፕላንን ማረፊያ እግር የሚያስታውሰው በከንቱ አይደለም። እንዲህ ያለች ፍጥረት ማሻሻያ አይነካትም ማለት ታሪኳን አለማወቅ ነው።

ጥፋቴ ሌላ ነው። በግራ ጎኗ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ አባቴ በቀለም «ለ5 ሊትር 100 ዘይት» ብሎ ጽፎ ነበር። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ካልተደባለቀ ሞተሯ ተቃጥላ ትቀራለችና፣ ለሚዋሳት ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነበር። የ«ዘ»ን እግር ያለ ልክ ያስረዝም ነበር፤ እጁ ያ ነው። እኔ ለአዲሱ ቀለም ንጹሕ ብረት ፈልጌ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ፑንቲናውን ስጥል አንዳች ያላመመኝ ሰውዬ፣ መሬት ላይ የወደቀውን የቀለም ብናኝ ሳይ ቁጭ አልኩ።

የብራና ጸሐፍት ቆዳው ቀዳዳ ሲኖረው በክር ይሰፉታል፤ ጽሑፉንም በስፌቱ ዙሪያ ያሳልፉታል። ስፌቱን ለመደበቅ ሲሉ ገጹን አይጥሉትም። ይህን በቤተ መዛግብት በዓይኔ አይቼ ያደነቅሁ ሰው ነኝ፤ ወደ ቤቴ ግን አላመጣሁትም።

ቀለም ቀቢው ስቱኮውን ለውሶ ሲመጣ፣ አባቴ ቁልቁለት ላይ ወድቆ የጎደጎዳትን የቀኝ ጎኗን እንዲተዋት ለመንኩት። «ሰው ሥራዬን ምን ይለዋል?» ብሎ ተቆጣ፤ ቢሆንም ተዋት። የክዳኑን ውስጥ ግን አላስቀባሁትም፤ በእኔም እጅ አልጻፍኩበትም። ልኩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሆኖም ቤንዚን በቀዳሁ ቁጥር ክዳኑን ሳልከፍት አላልፍም።