ሩጫና ትምህርት

«ሩጫ የሚወድ ተማሪ ለትምህርት አይሆንም» የሚሉ ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም። እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በ2019 አራት የደቡብ ሱዳን ሯጮች ለቶኪዮ ኦሊምፒክና ፓራሊምፒክ ሊዘጋጁ ከጁባ ተነሥተው ማኤባሺ ወደምትባል የጃፓን ከተማ ሄዱ። በጁባ የተስተካከለ የሩጫ ሜዳ እንኳ አልነበራቸውም። በማኤባሺ ግን ሜዳም፣ መኖሪያም፣ የቋንቋ ትምህርትም አገኙ። ውድድሩ በወረርሽኝ ምክንያት ለአንድ ዓመት ሲተላለፍም ከተማይቱ አልተወቻቸውም። እነርሱም እየተማሩ ሮጡ፤ ከመካከላቸው አብርሃም ጉዌም በ2021 በ1500 ሜትር የአገሩን ክብረ ወሰን አሻሻለ።

እንግዲህ ተማሪውን የሚያሰናክለው ሩጫው ሳይሆን የሜዳ፣ የጊዜና የደጋፊ ማጣት ነው። ጉልበት ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ ዕውቀት ግን አብሮ ይኖራል። ስለዚህ ወላጅም ሆነ መምህር ተማሪውን «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» ሊለው አይገባም፤ ሁለቱንም የሚያከናውንበትን ጊዜና ሥፍራ ሊያዘጋጅለት ይገባል።