“ለጀማሪ ይበቃዋል”

“ለጀማሪ ይበቃዋል” የምትል አባባል አለችን። አባት ልጁን ይዞ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ይገባል፤ ባለሱቁ ከግድግዳው ላይ አንዱን ቤዝ ጊታር ያወርድና ይህችኑ ጣል ያደርጋል። አባትም ደስ ይለዋል። ገንዘቡ ተረፈለት፣ የልጁም ጭቅጭቅ ቆመለት። እኔ ግን እላለሁ፦ ለጀማሪ የማይበቃ ነገር ቢኖር ይኸው “ለጀማሪ ይበቃዋል” የተባለው ነው።

ለምን ብትሉኝ፣ ለሠለጠነ ተጫዋች አንገቱ የተጣመመ ጊታር ቢሰጡት ጥፋቱ የእንጨቱ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ጀማሪውስ ማንን ይጠርጥር? ራሱን ነዋ! ክሩ ከፍሬቱ ርቆ ጣቱን ሲልጠው፣ የቃኘው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈታበት፣ “ለካ ጆሮ የለኝም” ይላል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጊታሩ ከቁም ሣጥን ጀርባ ይወሸቃል። አባትም “ድሮም ተሰጥኦ የለውም” ብሎ ይፈርዳል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመንም ያየሁት ይህንኑ ነው። ገና ለሚጀምረው ተማሪ የተቀዳደደ መጽሐፍና የታጨቀ ክፍል እንሰጠዋለን፤ ከዚያ “የዘንድሮ ተማሪ ደካማ ነው” እንላለን።

በሌላ በኩል ደግሞ “ፌንደር ካልሆነ አትንካው” የሚሉ አዋቂ ነን ባዮች አሉ። እነዚህም ያው ናቸው፤ ድሃውን ልጅ ከደጅ ይመልሱታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ፖል ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ1961 ሐምቡርግ ውስጥ ቤዝ ሲገዛ ፌንደር 100 ፓውንድ ገደማ ነበር። አቅሙ አልፈቀደም። 30 ፓውንድ ገደማ አውጥቶ ሆፍነር የተባለውን ጀርመን ሠራሽ ገዛ። የቢትልስን የመጀመሪያ ሥራዎች የተጫወተውም በዚያው ነው። ያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1972 ተሰርቆ፣ መገኘቱ በ2024 ሲነገር ዓለም ጉድ አለ። ዋጋው የሚቀመስ መሆኑና የማይረባ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ ብሩ ትንሽ ከሆነ የት ይዋል? እጅና ጆሮ በሚያገኙት ላይ ነዋ! አምስትና ስድስት ክር ይቅርባችሁ፤ አራቱ ይበቃሉ። ቀለሙንና ስሙን ተዉት። አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ እዩት፤ ትንሽ መጉበጥ በውስጡ ባለው ብረት ይስተካከላል፣ የተጠመዘዘ ግን አይድንም። እያንዳንዱን ፍሬት ተጭናችሁ ስሙ፤ የሚንዛዛ አለ? አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የሚሰጠው ድምፅ ከባዶው ክር ጋር፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ፣ መግጠም አለበት። ገመዱን ሰክታችሁ ቁልፎቹን አዙሩ፤ የሚንጫጫ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ። የልጁ እጅ ትንሽ ከሆነ በተለመደው 86 ሳንቲ ሜትር የክር ርዝመት ፋንታ 76ቱን ፈልጉ። ያገለገለ መግዛት አያሳፍርም፤ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ቤዝ የሚጫወት ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ክሩን ዝቅ አድርጎ ለሚያስተካክል ባለሙያም ጥቂት ብር አስቀሩ።

“ለቤዝ ይህን ያህል? ኪቦርዱ ይሠራው የለ!” የሚለኝ አይጠፋም። ወዳጄ፣ የሮሃ ባንድን ሥራዎች እስቲ እንደገና ስማ። ጆቫኒ ሪኮ ቤዙን ሲይዘው ነው ትከሻህ ሳታዝዘው የሚነሣው። ዘፋኙን እናጨበጭብለታለን፤ ከሥር የተሸከመውን ግን ስሙን እንኳ አንጠይቅም። የማይታየውን ስለምንንቅ ነው ለሚጀምረው ልጅ የሚጣለውን የምንገዛለት።

ልጁ ምናልባት ቤዝ ተጫዋች አይሆንም። መብቱ ነው። የሚተወው ግን ሞክሮ፣ መርጦ ይሁን፤ የተጣመመ እንጨት “አትችልም” ስላለው አይሁን።