ያከሰረህ ካርታው አይደለም

የጢቾ ልጆች፣ በተለይ ሒሳብ ያስተማርኳችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ከእናንተው አንዱ ትናንት ማታ ደውሎ «ቲቸር፣ ዕድሌ ነው እንጂ ጥንድ 8 ይዤ ነበር» አለኝ። የገብስ ሽያጩን ብር በስልክ ፖከር ጨርሶታል። የምን ዕድል!

ልጄ፣ ጥንድ ይዘህ ፍሎፑ ላይ ሦስተኛዋ የምትመጣልህ ከ100 ጊዜ 12 ገደማ ብቻ ነው። በቀረው 88 እጅህ ላይ ያለው ያው ጥንድ 8 ነው። አስና ኪንግ ተዘርግቶ፣ ከፊትህ ሁለት ሰው ብር ሲጨምር እያየህ ምን አስከፈለህ?

መጨረሻ ላይ መወሰን ጥቅሙ ማየቱ ነው እኮ! የአሰላው ኃይሌ በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ቴርጋትን ከኋላ ሆኖ ሲጠብቀው ቆይቶ መስመሩ ላይ በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። አንተ ግን ከኋላ ተቀምጠህ ዓይንህን ጨፈንክ። ሌሎቹ ዝም ካሉ ዝም ብለህ ቀጣዩን ካርታ በነፃ እይ፤ አጥብቀው ከጨመሩ ጣል።

«ጥንድ አይጣልም» የሚሉ ጀግኖች ደግሞ አሉ። ሲያሸንፉ ችሎታ፣ ሲሸነፉ ዕድል! አጫዋቹ ድርጅት ግን ማንም ያሸንፍ ማን ከፖቱ ድርሻውን ይቆርጣል። እኩል የምትችሉ ሰዎች እንኳ ስትጫወቱ ብታድሩ፣ ውሎ አድሮ ሁላችሁም ትከስራላችሁ።

መጣል የማይችል ሰው አይቀመጥ። የገብስ ብር ደግሞ የሚጥልም ቢሆን አያስይዘው። ያ ብር የዘር ነው፣ የልጆች ደብተር ነው።

የተቆጣችሁ በኮሜንት ኑ። ስሌቱን ይዛችሁ ግን!