መኪናው ከመገዛቱ በፊት የዝቃጩ ማረፊያ ይወሰን

በክልላችን አብዛኞቹ ትንንሽ ከተሞች የፍሳሽ መስመር የላቸውም። የመኖሪያ ቤቱም ሆነ የሆቴሉ መጸዳጃ ጉድጓድ ሲሞላ የፍሳሽ ማንሻ መኪና ተጠርቶ መጥጦ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ገደል ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር ከተደፋ፣ ከተማው ችግሩን ተገላገለ፤ የገጠር ቀበሌው ደግሞ ተረከበ ማለት ነው።

አንድ የተለመደ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ሴፕቲክ ታንክ ያለው ቤት ፍሳሹ “ታክሟል” ተብሎ ይታሰባል። ታንኩ የሚሠራው ግን ጠጣሩን ከታች ማዝቀጥና በከፊል ማብላላት ብቻ ነው። ከታች የሚቀረው ዝቃጭ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንንና የወስፋት እንቁላልን እንደያዘ ይቆያል። እውነተኛው ማከም የሚጀምረው መኪናው ከመጠጠ በኋላ ነው።

ሥራው ብዙ መሬት ይፈልጋል የሚባለው ሰበብ በስሌት ሲታይ አይጸናም። 15 ሺህ ሕዝብ ያለበት ከተማ እንውሰድ። ለአንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ዝቃጭ ብንይዝ፣ የከተማው የዓመት ዝቃጭ 600 ሜትር ኩብ፣ 10 ሜትር ኩብ በሚጭን መኪና 60 ምልልስ ይሆናል። ዝቃጩ ጠጠርና አሸዋ በተነጠፈበት ማድረቂያ መደብ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ኖሮት ይፈስሳል፤ ውኃው ወደ ታች ይጣራል፣ ቀሪውን ፀሐይ ታደርቀዋለች። በበጋ አንዱን ዙር ለማድረቅ አንድ ወር ብንሰጠው፣ በስምንት ወር ስምንት ዙር፣ ማለትም 300 ካሬ ሜትር መደብ ይበቃል። በክረምት መደቡ አይሠራምና የማቆያ ገንዳ ያስፈልጋል፤ ከመደቡ ሥር የሚወጣውም ውኃ ገና ያልታከመ ስለሆነ ኩሬ ይሻል። ይህ ሁሉ ከክምር ቦታውና ከአጥሩ ጋር ግማሽ ሄክታር፣ በእኛ አነጋገር ሁለት ጥማድ መሬት ቢይዝ ነው።

ወሳኙ ከመሬቱ ስፋት ይልቅ ርቀቱ ነው። ጣቢያው ከከተማው በጣም ከራቀ፣ ነዳጁን ከኪሱ የሚቀንስበት ሾፌር በመንገዱ ያገኘው ገደል ላይ ይደፋዋል። ስለዚህ ቦታው ከመኖሪያና ከውኃ ጉድጓድ ራቅ ያለ፣ ጎርፍ የማይገባበት፣ መኪና በክረምትም የሚደርስበት ግን ቅርብ መሆን አለበት። በብዙ ቦታ የሚታየው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው፤ መኪናው ይገዛል፣ ርክክቡ በሥነ ሥርዓት ይደምቃል፣ መድፊያው “ወደፊት” ይባላል። ለማድረቂያ መደብ ሪባን መቁረጥ የሚያጓጓው ሹም እምብዛም ነው።

ገበሬው በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሁለት ጊዜ አለበት። አንደኛ፣ ከታች ሆኖ በመስኖ የሚያለማው እሱ ነው። በአዲስ አበባ የአቃቂን ወንዝ ተከትሎ በሚለማው አትክልት ላይ የተካሄዱ ጥናቶች በሰላጣ ላይ የወስፋት እንቁላል፣ በአትክልቱ ውስጥም ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጥሬ ለሚበላ አትክልት የሚውል ፍሳሽ በሊትር ከአንድ የትል እንቁላል በላይ እንዳይኖረው ይመክራል። በባዶ እግሩ ቦይ የሚቀይረው ገበሬ ደግሞ አትክልቱን ሳይቀምስም በቆዳ በኩል በሚገባ የአንጀት ትል ይያዛል።

ሁለተኛ፣ በአግባቡ የታከመው ዝቃጭ ለእሱው ሀብት ነው። ዩሪያን አይተካም፤ እንዲህ ብሎ መስበክ አርሶ አደሩን ማሳሳት ነው። ፎስፈረስና የአፈሩን ውኃ የመያዝ አቅም የሚያሻሽል ብስባሽ ግን ይሰጣል። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። መድረቁ ሽታውን ያጠፋል እንጂ የወስፋትን እንቁላል አይገድልም። አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ አካባቢ፣ ማለትም በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋችን፣ አዲስ ዝቃጭ ሳይጨመርበት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተከምሮ መቆየት አለበት። ከገለባና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ተደባልቆ ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ከአንድ ሳምንት በላይ የያዘ ኮምፖስት ከሆነ ጊዜው ያጥራል፤ ክምሩ ግን መገላበጥና ሙቀቱ መለካት አለበት። መጀመሪያ ለደን ችግኝና ለመኖ ሣር፣ ከዚያ ለበቆሎ ማዋል ይሻላል። ለሰላጣና ለካሮት ባይሞከር ይመረጣል።

ትንንሽ ከተሞች አንድ ዕድል በእጃቸው አለ፤ ዝቃጫቸው በአብዛኛው ከቤት የወጣ እንጂ የፋብሪካ ኬሚካል የተቀላቀለበት አይደለም። ይህ ዕድል የሚቆየው የጋራዥ ዘይት፣ የባትሪ አሲድና የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ በዚያው መኪና እንዳይጫን እስከተከለከለ ድረስ ብቻ ነው። ከባድ ብረት ጊዜ ቢሰጠውም አይጠፋም።

የሕግ ክፍተት አለ ማለት ያስቸግራል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከል ይከለክላል። የጎደለው ክትትል ነው። ከተማ አስተዳደሩ፣ የውኃ አገልግሎቱና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቦታውን አብረው መምረጥ ይችላሉ፤ የታችኛው ቀበሌ አርሶ አደሮችም ከምርጫው በፊት ይጠየቁ። ቤተሰቡ የሚከፍለው የማንሻ ዋጋ የጣቢያውን ጥበቃና የመደቡን ጥገና ይሸፍን። ሾፌሩ ሒሳቡን የሚቀበለውም ጉድጓዱን እንደመጠጠ ሳይሆን፣ ጣቢያው ላይ ማራገፉን የሚያሳይ ደረሰኝ ሲያቀርብ ይሁን።