እንጨት እንዴት መርዝ ይሆናል ለሚሉን

ከግቢያችን በታች ካለው ድልድይ አጠገብ፣ ልክ ከወንዙ አፋፍ ላይ፣ ለአዲሱ ሕንፃ ርብራብ የመጣ አጣና ተከምሯል። ቅርፊቱ ገና አልተላጠም። ከጎኑ ከጣውላ መሰንጠቂያ የወጣ የሰጋቱራ ጉብታ አለ። ባለፈው ክረምት ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከዚህ ክምር ሥር ሻይ የመሰለ ውሃ እየተንዠቀዠቀ ወንዙ ውስጥ ሲገባ ስናይ ከረምን። ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለው ክፍል ሄደን ብንጠይቅ መልሱ ከሣቅ ጋራ ተሰጠን። «ልጆች፣ እንጨት እኮ ነው! እንጨት ከመቼ ወዲህ ነው መርዝ የሆነው?»

ለዚህ መልስ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣ ደንዝዞ እንደሚንሳፈፍ ያገራችን ዓሣ አጥማጅ ከአያቶቹ ጀምሮ ያውቃል። ብርብራም ዛፍ ነው፤ ከፋብሪካ አልወጣም። ቆዳ የሚያለፉ ሰዎችም ቅርፊት የሚዘፈዝፉት ያለምክንያት አይደለም፤ በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ታኒን የቆዳውን ፕሮቲን አጥብቆ ይይዛልና። ጥሬ ቆዳን የሚያጠነክር ነገር በዓሣ ስንጥብ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ የተማሩት ሹማምንት ቢያስቡበት ምናለ?

ለመሆኑ ያ ጥቁር ውሃ ምንድን ነው? አዲስ የተቆረጠ ግንድ ታኒንና ሌሎች ፌኖሎች፣ ስኳር፣ እንደ ዛፉ ዓይነትም ሙጫ አለው። ዝናብ ሲመታው እየሟሙ ይወጣሉ። ቅርፊቱ ያልተላጠ ከሆነ ይበዛሉ፤ ሰጋቱራ ደግሞ የደቀቀ ስለሆነ እንደ ሻይ ቅጠል ፈጥኖ ይለቃል። ወንዝ ውስጥ ሲደርሱ ባክቴሪያዎች ይመገቧቸዋል፤ ሲመገቡም ኦክሲጅኑን ከውሃው ይወስዳሉ።

የደጋ ሰዎች መሆናችን ዕዳ የሚያመጣብን እዚህ ላይ ነው። በባሕር ወለል ላይ ያለ ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ግን 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ያው ውሃ እዚህ የሚይዘው ከ7 ሚሊግራም በታች ነው። ብዙዎቹ ዓሦች 5 ሚሊግራም ሳይሞላ ሲቀር ይጨነቃሉ። የኛ ወንዝ እንግዲህ ከመጀመሪያውም ኪሱ የሳሳ ነው፤ 2 ሚሊግራም እንኳ የማይሞላውን ትርፉን ነው የአጣናው ፍሳሽ የሚቀማው። አምባዛ አየር ከላይ መሳብ ስለሚችል ይቆይ ይሆናል። ሌሎቹ አይችሉም። ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት የነፍሳት ዕጮች፣ የዓሣው ምግብ የሆኑት፣ ቀድመው ይሄዳሉ።

መጠኑ ትንሽ ነው የሚለን ካለ አብረን እናስላ። 1000 ካሬ ሜትር በሆነ የእንጨት ማከማቻ ላይ 20 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል 20000 ሊትር ውሃ ነው፤ ባለ200 ሊትሩ በርሜል 100 መሆኑ ነው። መሬቱና ግንዱ የሚጠጡት ቢቀነስም የሚተርፈው ለትንሽ ጅረት ቀላል አይደለም፤ እንዲህ ያለ ዝናብ ደግሞ በሐምሌ ብርቅ አይደለም።

ነገሩም የተማሪ ፈጠራ አይደለም። ካናዳ ውስጥ አስፐን የሚባለው እንጨት ተመርምሮ በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ ከእንጨቱ የወጣው ጥቁር ፍሳሽ በብዙ ውሃ ከቀጠነ በኋላም ትራውት የተባለውን ዓሣና ዳፍኒያ የተባለችውን ደቃቅ የውሃ ፍጥረት ገድሏል። እንጨቱ በምንም መድኃኒት አልተነከረም። ምስጥ እንዳይበላው በመዳብ፣ በክሮምና በአርሰኒክ የተነከረው ሲመጣማ ሌላ ጉድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው መጠጥ በሊትር እስከ 2 ሚሊግራም መዳብ ይፈቅዳል፤ ትራውትን ለመግደል ግን ከዚህ እጅግ ያነሰው ይበቃል።

ይህ ያዲስ አበባ ጣጣ ብቻ አይደለም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ከእንጦጦ ተነሥቶ ደጋውን አዳርሷል፤ ዛሬ በጣና ዙሪያም ገበሬው በማሳው ይተክለዋል። በጣና የሚኖሩት የቢልጫ ወገኖች፣ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙት፣ ክረምት ሲሆን እንደ ጉማራና ርብ ባሉት ወንዞች ሽቅብ ወጥተው በጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ዕንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ንጹሕና ኦክሲጅን ያለበት ውሃ ይፈልጋል። እንግዲህ አስቡት፤ ዓሣውን ወደ ወንዝ የሚጠራው ዝናብና ቅርፊቱን የሚያጥበው ዝናብ አንድ ዝናብ ነው። በበጋ የተከመረው አጣና ዕዳውን የሚከፍለው በመራቢያቸው ወራት ነው። ከዚህ የከፋ ጊዜ ይመረጥ ቢባል ሊገኝ ይችላልን?

ሦስት ዓይነት ተከራካሪዎች አሉን። አንደኞቹ «ቅጠልስ በተፈጥሮ ወንዝ ውስጥ ይወድቅ የለም ወይ?» ይላሉ። ይወድቃል፤ የጅረት ነፍሳትም ይበሉታል። ነገር ግን በዳር የበቀለ ዛፍ የሚያራግፈውና በካሚዮን መጥቶ የተቆለለው አንድ ነውን? የባሕር ዛፍ ቅጠልማ ለብዙዎቹ ምግብነቱም ደካማ መሆኑን በፖርቱጋል የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ሁለተኞቹ «አቃቂ እንደሆነ በፋብሪካና በቆሻሻ ሞቷል፤ የእንጨት ውሃ ምን ይጨምራል?» ይሉናል። ከእንጦጦ የሚወርዱት የላይኞቹ ጅረቶች ግን ነፍስ አላቸው፤ የኛም ጥያቄ ስለ ሕያዋኑ ነው። ሦስተኞቹ፣ የሚያናድዱንም እነሱ ናቸው፣ «ታዲያ ከእንጦጦ እንጨት የሚሸከሙትን እናቶች ልትከሱ ነው?» እያሉ በድኻ ጀርባ ይደበቃሉ። አንከስም። በጀርባዋ አንድ ሸክም ጭራሮ የምታወርድ እናት ወንዝ አላጠቆረችም። የምንከሰው አፋፉን ለማከማቻ የፈቀደውን፣ በካሚዮን የሚያራግፈውንና ፈርሞ የተረከበውን ነው።

የጠየቅነው ወጪ የማያስወጣ ነገር ነው ለማለት ይቻላል። ክምሩ ከወንዙ ወደ ላይኛው ሜዳ ይራቅ፤ ቅርፊቱ ከውሃ ርቆ ይላጥ፤ ሰጋቱራው ቆርቆሮ ይልበስ፤ ከሥሩ የሚወርደውም ውሃ ሣር ባለበት ቦይ እንዲሰርግ ይደረግ። ከዚህ የሚበልጠው ሥራ የጉልበት ሥራ ነው፤ እሱንም እኛው በቅዳሜ ቀን ተሰልፈን እንሸከማለን ብለን ጽፈናል።

ደብዳቤው የገባው መጋቢት 12 ቀን ነው። ሁለት ጊዜ ሄደን ጠይቀናል፤ አንድ ጊዜ «ጸሐፊዋ የለችም»፣ ሁለተኛው ጊዜ «ፋይሉ ወጥቷል» ተባልን። ግንቦት ተጋምሷል፤ አጣናው እዚያው ነው፤ ትናንትም ሁለት ካሚዮን ተጨምሯል። ሰኔ 1 ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ድልድዩ ላይ እንገናኝ። ጓንትና ገመድ ያለው ይዞ ይምጣ።