ጳጉሜን 6ን ያውቃታል?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ኮምፒውተር ነው ብዬ ብጀምር ገሚሶቻችሁ ገጹን ገልጣችሁ ወደ ስፖርቱ ልትሄዱ ነው። ቆዩማ! ትንሽ ፍቅር፣ ትንሽ ገንዘብ፣ ትንሽ ቅቤም አለበት።

እስኪ መጀመሪያ ልጠይቃችሁ፤ «አዲስ ወጣ» ሲባል ምን ይሰማችኋል? አዲስ ስልክ ወጣ፣ አዲስ አፕ ወጣ… ትናንት የጫናችሁት አፕ ራሱ «አዲስ ቨርዥን መጥቷልና አድሱኝ» እያለ ይጨቀጭቃችኋል። እኛ «ፋራ» ላለመባል እንጭነዋለን፣ ካልተመቸን እናጠፋዋለን፣ በቃ። «አዲስ ወጣ» እንጀራው ለሆነ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

እዚህ ወላይታ ሶዶ የማውቀው አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ አለ። ስሙ ይቆየን። ለሱቆች፣ ለመድኃኒት ቤቶች፣ ለቁጠባ ማኅበራት ፕሮግራም ይሠራል። ከተማችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ከሆነች ጀምሮ ቢሮ በቢሮ ሆናለችና ሥራ አላጣም። ያጣው እንቅልፍ ነው። ባለፈው ሰሞን እጮኛው መንገድ ላይ አስቁማኝ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ወንድሜ፣ እባክህ ጓደኛህን ምከርልኝ። ላፕቶፑን አግብቶ እኔን ውሽማ አድርጎኛል!»

ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ነገሩን ለማጣራት ማታ ማታ ቤቱ እየሄድኩ መቀመጥ ጀመርኩ። እኔ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ብዕር ያነሳሁ ሰው ነኝ፤ ኮድ የሚባለውን ነገር ሳየው ዶሮ የጫረው አመድ ነው የሚመስለኝ። እሱ ግን አስረድቶኛል። ግንበኛ ብሎኬቱን ራሱ እንደማያመርተው ሁሉ ፕሮግራመርም ሁሉን ነገር ከዜሮ አይጽፍም፤ ሌሎች ሠርተው በነፃ ያስቀመጡትን ቁርጥራጭ እያነሳ ይገጣጥማል። ታዲያ እነዚያ ቁርጥራጮች በየሳምንቱ ይታደሳሉ። ሰኞ የኮድ መጻፊያው፣ ማክሰኞ ዳታቤዙ፣ ረቡዕ የስልኩ ሲስተም። ሐሙስ ደግሞ መብራት ይጠፋል፤ እሱ ብቻ ነው የማይታደሰው! (1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 በወላይታና በዳውሮ መሐል ኦሞ ወንዝ ላይ ቆሞ እኛ ጎረቤቶቹ ሻማ መፈለጋችንን ሌላ ቀን እናወራለን።) የወጣውን ለማውረድ ዳታ ያስፈልጋል። የሌሊቱ ጥቅል ረከስ ስለሚል ሥራው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሆናል። የእጮኛው ቅሬታ ግማሹ ይኸው ነው።

ሌላው ግማሽ ገንዘብ ነው። ጊትሀብ ኮፓይለት የሚባለው፣ አብሮ ኮድ የሚጽፈው ረዳት፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ለሁሉም ሰው ሲከፈት ዋጋው በወር 10 ዶላር ነበር። ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ ወጣ፤ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ በወር 20 ዶላር የሚከፈልበት መጣ። ልጁ ሁለቱንም ያዘ። የኛ የብር ካርድ ለዚህ አይሠራምና ደቡብ አፍሪካ ያለ የአጎቱ ልጅ በራሱ ካርድ ይከፍልለታል፣ እሱ እዚህ ለአጎቱ በብር ይመልሳል። 30 ዶላር ያኔ በባንክ ዋጋ 1,700 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። እጮኛው ሒሳብ ትችላለች፤ ወረቀት አውጥታ «ይኸውልህ፣ በወር ከ3,000 ብር በላይ! በዓመት ስንት ሶፋ ነው?» አለችኝ። እኔ የሶፋ ዋጋ ስለማላውቅ ዝም አልኩ።

ግን ልጁም እንዲሁ በከንቱ አይደለም የሚሮጠው። አዲስ ነገር ጠቅሞት ያውቃል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ከደንበኞቹ አንዱ ለሆነው የሴቶች ቁጠባ ማኅበር ፕሮግራሙን ቶሎ ብሎ አስተካከለ፤ ከገጠር ቀበሌ ግማሽ ቀን ተጉዘው መዋጮ ይከፍሉ የነበሩ እናቶች ቤታቸው ቁጭ ብለው መላክ ጀመሩ። ይህን ያየ ሰው የሚቀጥለው «አዲስ» እንዲያመልጠው ይፈልጋል? አይፈልግም።

አሁን ወደ ቅቤው እንምጣ።

ወላይታ ውስጥ ዘመን መለወጫው ጊፋታ ነው፤ መስከረም አጋማሽ ላይ ይውላል። ለዚያ ቀን ወንዱ ለሰንጋው፣ ሴቷ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ትቆጥባለች። የዚያ ማኅበር ሴቶችም እንዲሁ ናቸው። ደንባቸው ግልጽ ነው፤ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ መዋጮዋን ያሟላች ሴት ከጊፋታ በፊት ሙሉ ድርሻዋን ትወስዳለች፣ ያላሟላች ለከርሞ ትጠብቃለች። ቅቤ የሌለው ጊፋታ ደግሞ… ለወላይታ ሰው አላስረዳም፤ ሌሎቻችሁ ዶሮ የሌለው ፋሲካ በሉት።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልጁ ካነሳቸው ቁርጥራጮች አንዱ፣ የፈረንጁን ቀን ወደኛ ቀን የሚቀይረው፣ አዲስ ቨርዥን ወጣለት። ፈጣን ነው ተባለ፣ መልኩም አምሮ ነበር። ልጁ በዚያው ሌሊት አውርዶ ጫነው፣ ነሐሴ 28ን ሞከረ፣ ሠራ፣ ተኛ።

2015 ዘመነ ሉቃስ ነው። በየ4 ዓመቱ በሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። አዲሱ ቨርዥን ግን ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ናት ብሎ ነው የተሠራው! ጳጉሜን 6 ሰኞ ዋለች፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ገበያ ነው፣ ሴቶቹ ዶሮና እንቁላል ሸጠው እጃቸው ላይ ብር አለ። ሃያ የሚሆኑት የመጨረሻ መዋጯቸውን ይዘው መጡ። ገንዘብ ያዧ ብትጽፍ ኮምፒውተሩ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አላት። ምን ታድርግ? መስከረም 1 ብላ አስገባችው። ኮምፒውተሩም ሃያዎቹን ሴቶች «ያላሟሉ» ብሎ መዘገባቸው።

ጊፋታ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ክፍያ ተጀመረ። ስማቸው የለም። አንዷ እናት አልቅሳ ወጣች፣ ሌላዋ ማኅበሩን በሌብነት ከሰሰች፣ ባል ያላቸው ደግሞ ቤታቸው ሲገቡ «ገንዘቡን የት አደረግሽው?» ተባሉ። አያችሁ፣ አንድ ቀን የማታውቅ ቁርጥራጭ ኮድ የሰው ትዳር ውስጥ ስትገባ! ያዳናቸው ሰብሳቢዋ ከኮምፒውተሩ ጎን ለጎን በእስክሪብቶ የሚይዙት ደብተር ነው። ልጁ ተጠርቶ ሲመጣ እሳቸው አልተቆጡም አሉ። ደብተሩን ገልጠው አሳዩትና «ልጄ፣ ጳጉሜን 6ን ፈረንጁ ባያውቃት አንተም አታውቃትም?» አሉት። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብሎ አስተካከለ። ሴቶቹ ድርሻቸውን ወሰዱ። ኮምፒውተሩን ያመኑት ግን ሁሉም አይመስሉኝም።

ይኼ የሶዶ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ፤ ተማሪው በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰልፎ ከሒሳቡ በላይ ገንዘብ ሲያወጣ! የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው ተባለ። የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ ባንኩ አብዛኛውን አስመልሷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 12 ቀን ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ አንድ የተበላሸ አፕዴት ለቆ 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ኮምፒውተሮች ተዘጉ፣ አውሮፕላኖች ሳይነሱ ቀሩ። ቀኑ ዓርብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጁ ዓርብ ቀን የደንበኛ ፕሮግራም አይነካም፤ እንደ ጾም ነው የያዘው።

ታዲያ አሁን «አዲስ ወጣ» ሲባል ምን ያደርጋል? ይኼን ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። የድሮ ላፕቶፕ አለችው፤ ባትሪዋ የሞተ፣ ክዳኗ በፕላስተር የተያዘ። አዲሱ ነገር መጀመሪያ እሷ ላይ ይወጣል። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይጠይቀዋል። አንደኛ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 በፈረንጅ ስንት ነው? (መልሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው።) ሁለተኛ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ስ? ይህ ወጥመድ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን አልነበረም። አርቲፊሻል ኢንተለጀንሱን ራሱ አጠገቤ ሲፈትነው አይቻለሁ። ኮዱን በሰከንዶች ውስጥ ጻፈው፤ ንጹሕ፣ ማብራሪያ ያለው፣ የሚያምር። የመጀመሪያውን ጥያቄ በአንድ ቀን ሳተ። ሁለተኛውን ምንም ሳያመነታ መለሰ፣ ለሌለው ቀን ቀን ሰጠው! «አየህ፣ አያፍርም» አለኝ ልጁ እየሳቀ። ስህተቱን ሲነግረው ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለ። በኋላ የወጡት ከፊተኞቹ ይሻላሉ፤ እሱ ግን መጠየቁን አልተወም።

ለሰብሳቢዋ የሚላከውን የደረሰኝ መልእክት በወላይትኛ ጻፍ ሲለውም አይቻለሁ። የወጣውን ሲያነቡላቸው እሳቸው «ይኼ ልጅ የማን ነው? አነጋገሩ የሩቅ አገር ሰው ይመስላል» ብለው ሳቁ። መልእክቱን ሰው ጻፈው።

የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ደንበኛው ባለፈው ጊዜ ለአንድ ሥራ የሚከፍለውን በግማሽ ቀንሶ «ማሽኑ አይደል እንዴ የሚሠራው፣ አንተ ምን ደከመህ?» አለው። ይኼ ነገር ሌሊት ከእንቅልፉ ያስነሳዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፍርሃቱ ከንቱ አይመስለኝም። መጻፉን ማሽኑ እየቻለበት ነው፤ የተጻፈውን የሚጠራጠር ሰው ዋጋ ግን ገና ደረሰኝ ላይ አልወጣም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «5 ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለው ሥልጠና በነፃ ከተጀመረ ወዲህ ሰርተፊኬት ይዘው ልጁ ዘንድ የሚመጡ ወጣቶች አሉ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «አሁን የወጣው ምርጡ የቱ ነው?» ነው። እሱ «ስንት ደብተር የምትይዝ እናት ታውቃለህ?» ይላቸዋል። ግራ ይገባቸዋል።

አሮጌውን ይዞ መቀመጥም መፍትሔ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ የማኅበሩ ኮምፒውተር ደግሞ ያገለገለ ዕቃ ነውና ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የደኅንነት ቺፕ አያሟላም። ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን እድሳት ሲሆን ልጁ በአሮጊቷ ላፕቶፕ ሞክሮ በዚያው ቀን ይጭናል። ለመልክና ለፍጥነት የመጣውን ግን ቢያንስ ሦስት ሳምንት ያስከርመዋል፣ ሌላው ዓለም መጀመሪያ ይደናቀፍበት ብሎ።

የእጮኛው ነገርስ? ሦስታችን ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ጊትሀብ ኮፓይለት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የተወሰነ ነፃ አገልግሎት ስለጀመረ አንዱ ክፍያ ቀርቷል፤ ሁለተኛው ሥራ ባለበት ወር ብቻ ይከፈላል። የላፕቶፑ ሌሊት በሳምንት ሁለት ሆኗል፣ ማክሰኞና ሐሙስ። ከነሐሴ 20 እስከ ጊፋታ ማግስት ደግሞ የማኅበሩ ፕሮግራም ላይ ምንም አዲስ ነገር አይገባም። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት፤ ለካ እናቷ የዚያ ማኅበር አባል ኖረዋል!

ሠርጉ ጥር ላይ ነው፣ ሶፋውም ታዟል። ቀጣይዋ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ትመጣለች፤ ሰብሳቢዋ ከአሁኑ ደብተራቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ አክብበውባታል።

ሳምንት እንገናኝ።